ስለ ኤሌክትሪክ ዋጋ፤ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት መሆኑ የሚያመጣው ጉዳት

የመንግሥት ደንብ ለሕዝብ ጥቅም ታስቦ ከወጣ በኋላ፥ ጥቅሙ ከታሰበለት ሰው እጅ መድረሱን መመርመር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ደንብ አውጪው ለድኻ ብሎ ያቀለለው ዋጋ በአፈጻጸሙ ጕድለት ለድኻው ከብዶ ቢገኝ፥ ጥፋቱ የደንቡ ሳይሆን ደንቡ የሄደበት መንገድ ነው። ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ ዋጋ ልንጽፍ የተነሣነው፥ ይህን የመሰለው ነገር በብዙ ከተሞቻችን ስለሚገኝ ነው። ለምሳሌም እንድትሆነን በምዕራብ ሐረርጌ የምትገኘውን የቦርደዴን ከተማ መርጠናል።

ቦርደዴ በጉምቢ ቦርደዴ ወረዳ፥ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። መንገዱ ሚኤሶን ካለፈ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ ወደሚባለው ደጋ ይወጣል። አገሩ ሙቀት የበዛበት ስለ ሆነ፥ በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ተጓዥ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጠጣ ማለፍ ይቸግረዋል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ከተሞች እንደ ተለመደው አንዱ ቤት ከፊቱ ሱቅ፥ ከኋላው መኖሪያ ይሆናል፤ በግቢው ውስጥም ለተከራዮች የሚሰጡ ክፍሎች በረድፍ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ቤት መብራት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቆጣሪ በሚቀጠል ሽቦ ነው። የነገራችንም ሥር ያለው ከዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የዋጋውን ደንብ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ዋጋ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቈይቶ፥ በ2011 ዓ.ም. በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ በአራት ደረጃ እንዲፈጸም ሆኖ ተሻሻለ። በዚያም ማሻሻያ የመኖሪያ ቤት ደንበኛ እንደ ፍጆታው ልክ በሰባት ክፍል ተመደበ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ለሚጠቀም ቤት የቀድሞው ዋጋ፥ ማለት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ያህል፥ ሳይነካ ቀረለት። ከ50 በላይ እስከ 100 ያለው በመጨረሻው ደረጃ 77 ሳንቲም ያህል፥ ከ100 በላይ እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ62 ሳንቲም ተኩል፥ ከ500 በላይ የሆነው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ሆነ። እንግዲህ የመጨረሻው ክፍል ዋጋ ከመጀመሪያው ዘጠኝ እጥፍ ነው ማለት ነው። ኋላም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየተጨመረ የሚፈጸም አዲስ ታሪፍ ወጣ። ከላይ የጻፍናቸው ቍጥሮች ስለዚህ የዛሬ ዋጋ አይደሉም፤ ነገር ግን ጥቂት የሚጠቀም ጥቂት እንዲከፍል፥ ብዙ የሚጠቀምም ብዙ ከፍሎ ጥቂት የሚጠቀመውን እንዲደግፍ የሚያደርገው ሥርዐት በአዲሱም ታሪፍ ጸንቶ ይገኛል።

ይህ ሥርዐት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። አቅም ያለው አቅም የሌለውን ይደግፍ ማለት፥ በሃይማኖትም በመንግሥትም ዘንድ የተመሰገነ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቆጣሪ ዐይን የለውም። ኃይሉን የበላው አንድ ባለጸጋ ይሁን አራት ድኻ ቤተ ሰብ ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያለፈበትን ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ «ጥቂት የሚጠቀም ቤት» ሲል፥ በአፈጻጸም የሚገኘው ትርጕም «ጥቂት የሚቈጥር ቆጣሪ» ሆነ። ቤትና ቆጣሪ አንድ ለአንድ በሆኑበት ስፍራ ሁለቱ ትርጕሞች አንድ ናቸው፤ ብዙ ቤት ባንድ ቆጣሪ በሚያበራበት ስፍራ ግን የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ በሒሳብ ቢታይ ይገለጣል። አራት ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። በ2011ዱ ታሪፍ የመጨረሻ ደረጃ ዋጋ ሲታሰብ፥ ለየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዱ ቤት 12 ብር ከ29 ሳንቲም ያህል፥ አራቱ በድምሩ 49 ብር ያህል በከፈሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲያበሩ ግን ፍጆታው 180 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ወደ ሦስተኛው ክፍል ይወጣል። ሒሳቡ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ቢታሰብ እንኳ 182 ብር ይሆናል፤ ሁሉም በሦስተኛው ክፍል ዋጋ ቢታሰብ ደግሞ 292 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ይህ ሁሉ የወሩ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር ነው። አንዳቸውም ከወትሮው የበለጠ መብራት ሳያበሩ፥ ቆጣሪ ስለ ተጋሩ ብቻ ዋጋቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በቆጣሪ ነገር ግን ማበር የሚያስረው ያበረውን ድኻ ራሱን ነው።

በዚህ ላይ የታክሱ ነገር ይጨመራል። በ2016 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከተሻሻለ ወዲህ፥ የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ካላለፈ ከታክሱ ነጻ እንዲሆን ተደርጓል። ይህም ለድኻ የታሰበ ነው። ነገር ግን አምስት ወይም ስድስት ቤት ከአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ይህን ልክ ማለፉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ነጻ ሊሆን የሚገባው ተከራይ ታክስ ከፋይ ይሆናል። ባለቤቱም ሒሳቡ ሲበዛበት በተከራዮቹ ላይ እንደ ራሱ ግምት ያካፍለዋል፤ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀምን ይከለክላል። በባለቤቱ መፍረድ አይገባም፤ እርሱም የሚከፍለውን ማግኘት አለበትና።

የምጣዱ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይ፥ ኪሎዋት ሰዓት ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። አንድ ሺሕ ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ የበላው ኃይል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። አንዲት የቤት እመቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ በየጊዜውም አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር፥ በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለመብራትና ለሌላው ሁሉ የሚተርፋት፥ የመጀመሪያውን ክፍል ሳታልፍ፥ 8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። አሮጌው ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ይበላል፤ ስለዚህ አንድ እንዲህ ያለ አምፖል ብቻ ከመጀመሪያው ክፍል ያስወጣታል። ባለ 10 ዋቱ አዲስ አምፖል ግን ለዚያው ሰዓት አንድ ተኩል ብቻ ይበቃዋል፤ አራቱም እንኳ ቢበሩ 6 ነው። ስለዚህ የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት አምፖሉን ቢለውጥና ምጣዱ ከጋለ በኋላ ቡኮውን አዘጋጅቶ ሳያቋርጥ ቢጋግር፥ ማመልከቻ ሳይጽፍ ወደ ታችኛው ዋጋ ሊገባ ይችላል። ቆጣሪ የሚጋራው ግን የቱን ያህል ቢቈጥብ ጥቅሙ ከጎረቤቶቹ ፍጆታ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋበታል። ትርፉ ለእርሱ የማይታየው ሰውም ለመቈጠብ አይተጋም።

ሁለተኛው ነገር የደንበኛ አመዳደብ ነው። ታሪፉ የመኖሪያ ቤትን ከንግድና ከጠቅላላ አገልግሎት ይለያል። በ2011ዱ ማሻሻያ መጨረሻ የጠቅላላው ክፍል ዋጋ ፍጆታው ቢያንስም ቢበዛም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ12 ሳንቲም ነበረ፤ ይህም ከመኖሪያ ቤት የመጀመሪያ ክፍል ሰባት እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ከፊቱ ሱቅ የነበረ ቤት ሱቁ ተዘግቶ መኖሪያ ብቻ ሲሆን፥ ባለቤቱ ይህን ለመሥሪያ ቤቱ ካላመለከተ በንግድ ዋጋ መክፈሉን ይቀጥላል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፥ ካለማመልከትም የገዛ መብት ይቀራል። እንዲሁም በመኖሪያ ቤት ዋጋ እየከፈለ ማቀዝቀዣ ደርድሮ የሚነግድ ሰው፥ የድኻውን ድጎማ ለራሱ ጥቅም እንደሚወስድ ሊያውቅ ይገባል። ፊት ሱቅ፥ ኋላ መኖሪያ ለሆነው ቤት ደኅናው መንገድ ሁለቱን በሁለት ቆጣሪ መለየት ነው።

ሦስተኛው የንባብ ነገር ነው። ክፍሉ የሚወሰነው በወር ፍጆታ ስለ ሆነ፥ ቆጣሪ አንባቢው በአንዱ ወር ቀርቶ በሚከተለው ቢመጣና የሁለቱ ወር ፍጆታ እንደ አንድ ወር ቢታሰብ፥ በወር 45 የሚጠቀመው ቤት 90 እንደ ተጠቀመ ተቈጥሮ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይወጣል። እንዲህ ያለው ሒሳብ በወሮቹ ቍጥር ተከፋፍሎ መታሰብ እንዳለበት ግልጽ ነው። ደንበኛውም በየወሩ የቆጣሪውን ቍጥር በደብተር ቢጽፍ፥ ክርክር በሚነሣበት ጊዜ በባዶ እጁ አይቀርብም። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ከዚህ ችግር ይድናል፤ የቈጠረውን በራሱ ያያልና።

አንዳንድ አንባቢ በሌላው ዓለም ደንበኛ ዋጋው የቀለለውን ሻጭ መርጦ እንደሚዛወር ሰምቶ፥ እኛስ ስለ ምን እንዲህ አናደርግም ይል ይሆናል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ቤተ ሰብ የኤሌክትሪክ ሻጩን መምረጥ ይችላል። ነገር ግን ጊዜ ያለውና የሚያውቀው እየተዛወረ በርካሽ ሲገዛ፥ ሳይዛወር በቀድሞው ውል ጸንቶ የቀረው ነባር ደንበኛ፥ ይልቁንም ሽማግሌውና ድኻው፥ በውድ ዋጋ ይከፍል ነበር። ከዚህም የተነሣ መንግሥቱ በ2019 መጀመሪያ ላይ የዋጋ ጣሪያ አቆመ። በ2021 የጋዝ ዋጋ በናረ ጊዜም ብዙ ትናንሽ ሻጮች ከስረው ተዘጉ፤ ደንበኞቻቸውም ወደ ሌሎች ተላለፉ። ከዚህ የምንማረው የሻጮች መብዛት ብቻውን ድኻን እንደማይጠብቅ ነው። በእኛ አገር በዋናው መስመር ለሕዝብ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፥ ማከፋፈሉና መሸጡ ለዚህ መሥሪያ ቤት ተለይቷል። የቦርደዴ ሰው ከሻጭ ወደ ሻጭ ሊዛወር አይችልም፤ የሚችለው ከማይገባው የዋጋ ክፍል ወደሚገባው መዛወር ነው። ይህንንም ሊያደርግለት የሚችለው ያው አንዱ ሻጭ ስለ ሆነ፥ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት ከነጋዴ ኃላፊነት ይበልጣል።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱንም ችግር አለማየት ፍርድን ማጉደል ይሆናል። ቆጣሪ፥ ሽቦና ትራንስፎርመር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከውጭ የሚመጣውም ዕቃ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ጨምሯል። የቀድሞው ዋጋ ወጪውን የማይሸፍን ስለ ነበረ ታሪፉ መሻሻሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም አዲስ ቆጣሪ ለመትከል የይዞታ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ተከራይ ይህ የለውም፤ ባለ ይዞታውም ቆጣሪ በተከራይ ስም ቢገባ ኋላ የቤት ክርክር ያመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ችግሩ እውነት መሆኑ ውጤቱን ትክክል አያደርገውም። ቆጣሪው በባለ ይዞታው ስም እንደ ሆነ፥ በግቢው ውስጥ ላለው ለየክፍሉ ልዩ ቆጣሪ መትከል ይቻላል፤ የመትከያውም ዋጋ በየወሩ ሒሳብ ላይ ጥቂት ጥቂት ተደርጎ ቢከፈል ድኻው አይከብደውም። ቆጣሪ እስኪዳረስ ድረስም ቀበሌው በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተ ሰብ እንደሚያበራ መስክሮ ቢጽፍ፥ የዋጋው ክፍል በቤተ ሰቡ ቍጥር ልክ ሰፍቶ እንዲታሰብ ማድረግ የሚመለከታቸው ሹማምንት ሊመክሩበት የሚገባ ሐሳብ ነው። ሐሰተኛ ምስክርነት እንዳይበዛ መቈጣጠር ያስፈልጋል፤ ሆኖም ማጭበርበር ይመጣል ተብሎ ፍትሕ አይቀርም።

ይህ ጉዳይ የኪስ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። የኤሌክትሪክ ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ሳይበላ አያድርም፤ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ይመለሳል እንጂ። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ በመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚታየው የከሰል ጆንያ ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ የቆላው ግራር ነው። በዚያው አገር ያለው የአሰቦት ደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ለዘመናት ያቈየው ደን፥ በ2004 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ምእመናን ከሩቅ አገር ተጠራርተው ለማጥፋት እንደ ተረባረቡ ይታወሳል። ደን በአንድ ቀን እሳት ሲነድ ሁሉም ይሮጣል፤ በየቀኑ በምድጃ ሲነድ ግን የሚሮጥ የለም። ግራሩ ባለቀ ጊዜ የአርብቶ አደሩ ግመልና ፍየል የሚበላው ያጣል፤ በጢስ ውስጥ የሚውሉትም እናቶች ዐይናቸውንና ሳንባቸውን ይታመማሉ። ስለዚህ አንድ ቆጣሪ በአንድ ግቢ መጨመር የመብራት ሥራ ብቻ መስሎ አይታይ፤ የደንና የጤና ሥራም ነው።

ደግሞስ ኃይሉ የለም እንዳይባል፥ አገራችን በ1924 ዓ.ም. ከአባ ሳሙኤል፥ በ1952 ዓ.ም. ከቆቃ ተነሥታ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ እስከ መመረቅ ደርሳለች። የጅቡቲ ሰው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በድሬዳዋ በኩል በሚያልፈው በኢትዮጵያ ኃይል ያበራል፤ የባቡሩም ሐዲድ በዚያው በሚኤሶ ቆላ ሲያልፍ የሚነዳው በኤሌክትሪክ ነው። ለግድቡ ሥራ ቦንድ የገዛው፥ ከደመወዙና ከመቀነቱ ፈትቶ ያዋጣው ድኻው ጭምር ነው። ይህ ሰው በራሱ ጥፋት ባልሆነ ነገር ከሚገባው የዋጋ ክፍል ውጭ ሆኖ፥ ምጣዱን ሰቅሎ ከሰል ቢገዛ ሊታዘበን ይችላል።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ? ደንበኛው የሒሳቡን ወረቀት ሳያነብ አይክፈል፤ በየትኛው ክፍል እንደ ተመደበ፥ ንባቡም የስንት ቀን እንደ ሆነ ይመልከት፤ ስሕተት ካገኘ በጽሑፍ ያመልክት፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ይያዝ። ባለ ይዞታው ለተከራዮቹ ቆጣሪ ቢያስገባ እርሱም ከክርክርና ቀጭን ሽቦ ከሚያመጣው የእሳት አደጋ እንደሚድን ያስብ። የአገልግሎቱ ሹማምንት በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ቆጣሪ የሚጋሩትን ቤቶች አስቈጥረው፥ የሚተከለውን ቆጣሪ አስቀድመው ለእነዚህ ያድሉ፤ ታሪፉንም በአማርኛና በኦሮምኛ በግልጽ ጽፈው በየጽሕፈት ቤቱ በር ይለጥፉ። በየሦስት ወሩ የሚለወጥ ዋጋ ለሕዝብ በየሦስት ወሩ ሊነገር ይገባዋልና።

ካህናትም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። ማንበብ የማይችለው ምእመን የመጣለትን ወረቀት ይዞ ወደሚያምነው ሰው ይሄዳል፤ የሚያምነውም ካህኑን ነው። በእስላሞች ወገኖቻችን ዘንድም ሼሁ እንዲሁ ነው። የሒሳቡን ወረቀት አንብቦ መተርጐምና ማመልከቻ መጻፍ ከትምህርተ ወንጌል የሚያናንስ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ድኻን ከማይገባው ዕዳ ማዳን የቤተ ክርስቲያን የጥንት ሥራዋ ነው።

መንግሥት ለአነስተኛው ተጠቃሚ የቀለለ ዋጋ ሠርቷል፤ ይህ ታላቁ ሥራ ተፈጽሟል። የቀረው ዋጋው ከተሠራለት ሰው ጋር እንዲገናኝ ማድረግ ነው፤ ይህም ከግድብ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በቦርደዴ የሚተከለው አንድ ቆጣሪ ለአንድ እናት ምጣድ እንደ ሆነ ታውቆ፥ የሚመለከታቸው ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንዲያስቡበት እናሳስባለን።